ሰፊ መሬት፥ ጠባብ በር

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ድኻ ቤት የማያገኘው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰውም ብዙ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሊገኝ ሲችል፥ መሬቱም ባዶ ሆኖ ሳለ፥ ሠሪውም እጁን ሰብስቦ ሲጠብቅ፥ «በእኛ ሰፈር አይሆንም» በሚል ቃል ምክንያት ብቻ ሳይሠራ የሚቀር ቤት በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ነው። ይህ ቃል ከክፉ ሰዎች አፍ ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ ለመጻፍ ባልተነሣሁም ነበር። የሚናገሩት ግን ብዙውን ጊዜ ደኅና ሰዎች፥ ልጆቻቸውን የሚወዱ ወላጆች፥ ግብራቸውን በጊዜው የሚከፍሉ ዜጎች ናቸው።

የእኔን አሳብ በመጀመሪያ ልናገርና አንባቢዎቼ ይፍረዱኝ። አንድ የሰፈር ነዋሪ ስለ ሰፈሩ መንገድ፥ ስለ ውሃው፥ ስለ ትምህርት ቤቱ የመናገርና የመከራከር ሙሉ መብት አለው። ጎረቤቱ ማን እንዲሆን የመምረጥ መብት ግን የለውም። እነዚህ ሁለቱ በአፍ ሲነገሩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ግን አንደኛው የሌላውን ካባ ለብሶ ስለሚቀርብ ለይቶ ማወቁ ቀላል አይደለም። ነገሩን ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ስፈልግ ከአሜሪካን አገር የማውንት ሎረልን ታሪክ አገኘሁ። የአሜሪካኑን ነገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማውንት ሎረል የምትገኘው በኒው ጀርሲ ግዛት ነው። ከካምደን ከተማ ወሰን 7 ማይል፥ ወደ ፊላዴልፊያ ከሚያሻግረው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ድልድይም ከ10 ማይል አትርቅም። በ1950 የነበራት ሕዝብ 2,817 ብቻ ነበር። ስፋቷ ግን 14,000 ኤከር ያህል ነው፤ አያቶቻችን በሚያውቁት መለኪያ 140 ጋሻ ይሆናል። ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች በአጠገቧ ሲዘረጉ ከትላልቆቹ ከተሞች ጭስና ጫጫታ ለመሸሽ የፈለገ ባለ መኪና ሁሉ ወደ እርሷ ጎረፈና ሕዝቧ በ1960 ወደ 5,249፥ በ1970 ደግሞ ወደ 11,221 ከፍ አለ። ይህም ሁሉ ሰው ገብቶ ከመሬቷ ከመቶው 65 እጅ ያህሉ ገና ባዶ ወይም እርሻ ነበረ። እንግዲህ ቦታ ጠበበ ብሎ ማመካኘት አይቻልም ማለት ነው።

በዚያች ከተማ ከአዲሶቹ ነዋሪዎች በፊት ለብዙ ትውልድ የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ። አባቶቻቸው በእርሻው ላይ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የሚኖሩትም ስፕሪንግቪል በሚባለው ክፍል፥ በፈራረሱ ጎጆዎች፥ አንዳንዶቹም ቀድሞ የዶሮ ማደሪያ በነበሩ ቤቶች ውስጥ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ እነዚህን ቤቶች ለኑሮ የማይበቁ ናቸው እያለ መዝጋት ሲጀምር ነዋሪዎቹ ሌላ የሚገቡበት ቤት አጡ። በከተማዋ ውስጥ ድኻ ሊከራየው የሚችል ቤት እንዲሠራ ደንቡ አይፈቅድምና ነው።

ስለዚህ ደንብ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች «ዞኒንግ» ይሉታል፤ የከተማን መሬት በክፍል በክፍል ለይቶ፥ እዚህ ፋብሪካ፥ እዚያ ሱቅ፥ በወዲያኛው መኖሪያ ቤት ይሠራበት እያለ የሚደነግግ የቦታ አመዳደብ ሕግ ነው። በመሠረቱ መልካም ነገር ነው። የቆዳ ፋብሪካ ከሕፃናት ትምህርት ቤት አጠገብ እንዲቆም የሚወድ ማን አለ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1926 ከክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ ባለችው በዩክሊድ ጉዳይ ይህን ሥልጣን ለከተሞች አጽንቶላቸዋል። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ፍርድ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ የሆነው አፓርትማ በነጠላ ቤቶች ሰፈር ላይ እንደ ተጣበቀ ተባይ ተደርጎ መጠቀሱ ነው። ፋብሪካን ከቤት ለመለየት የተጀመረው ሕግ ሰውን ከሰው ወደ መለየት የሄደው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

የማውንት ሎረል ደንብ ለመኖሪያ በተመደበው መሬት ሁሉ ላይ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን፥ ለብቻው የቆመ ቤት ብቻ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት ነው። ከሰፊው የመኖሪያ ክፍል በአንዱ ውስጥ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ትንሹ ቦታ 20,000 ካሬ ጫማ ነበር፤ ወደ 1,860 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የተያያዙ ቤቶች አይፈቀዱም። አፓርትማም አይፈቀድም፤ በእርሻ ላይ ለሚሠሩ ሠራተኞች ካልሆነ በቀር! ለፋብሪካ የተመደበው መሬት ደግሞ 4,121 ኤከር ሲሆን ጉዳዩ በፍርድ ቤት በታየበት ጊዜ በእውነት ፋብሪካ የነበረበት ከ100 ኤከር አይበልጥም ነበር። ለማይመጣ ፋብሪካ 4,000 ኤከር ባዶውን ይጠበቃል፤ ለመጣ ሰው ግን ቦታ የለም።

እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ የሚመለከተው ክፍል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ማውንት ሎረል በ1967 ባወጣችው ሌላ ደንብ ለጥቂት ትላልቅ ሠሪዎች አፓርትማ እንዲሠሩ ፈቅዳ ነበር። ፈቃዱ ግን አብዛኞቹ ቤቶች ባለ አንድ መኝታ ክፍል እንዲሆኑ ያስገድዳል። ባለ አንድ መኝታው ቤት ውስጥ ለትምህርት የደረሰ ልጅ እንዳይኖር፥ ባለ ሁለት መኝታው ውስጥም ከሁለት በላይ እንዳይኖሩ ሠሪው ውል ይገባል። ከዚህም አልፎ በአንድ ቤት ሒሳብ ከ0.3 የሚበልጥ ተማሪ ወደ ከተማዋ ትምህርት ቤት ከመጣ፥ የትርፎቹን ልጆች የትምህርት ወጪ ሠሪው ይከፍላል ተብሎ ተጽፏል። ዜሮ ነጥብ ሦስት ልጅ! የሒሳብ መምህራችን ይህን ልጅ በሰሌዳ ላይ ቢሥሉልን ደስ ባለኝ። ሲተረጎም በ100 ቤት ውስጥ 30 ተማሪ ይበቃል፥ 31ኛው ግን ጥፋት ነው ማለት ነው። እኛ ቤት ሦስት ተማሪዎች ነን፤ በዚያ ደንብ ብንሰፈር የአሥር ቤት ድርሻ ብቻችንን በልተናል።

ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። በኒው ጀርሲ የትምህርት ቤት ወጪ ትልቁ ክፍል የሚሸፈነው የየአካባቢው ነዋሪ ለቤቱና ለቦታው ከሚከፍለው ግብር ነው። ትልቅ ቤት የሠራ ሰው ብዙ ግብር ይከፍላል፤ ትንሽ አፓርትማ የተከራየ ቤተሰብ ግን ግብሩ ትንሽ፥ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የከተማው ሹማምንት ቁጭ ብለው ሲያሰሉ ልጅ ዕዳ ሆኖ ተገኘባቸው። በዚህ ረገድ በነዋሪዎቹ ላይ ብቻ መፍረድ አልወድም። ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ኪስ እንዲተዳደር ያደረገው ሥርዓት ራሱ ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃርናል። ሆኖም ሥርዓቱ ክፉ ነው ብሎ ክፋቱን በድኻው ልጅ ትከሻ ላይ ማሳረፍ ፍርድ አይደለም።

የስፕሪንግቪል ሰዎች የጠየቁት ምን ነበር? 36 ቤቶች ያሉት አነስተኛ አፓርትማ ለመሥራት ፈቃድ ይሰጠን ነው ያሉት። 36 ብቻ። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አልጠየቁም። ነገሩ ግን ተከለከለ። በ1970 በአንድ የእሑድ ቀን በዚያው ባለ ጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የከተማዋ ከንቲባ ተገኝተው፥ በከተማችን ለመኖር አቅም ከሌላችሁ ልቀቁ የሚል መልስ ሰጧቸው። ከሰሚዎቹ መካከል የአንዳንዶቹ ቅድመ አያቶች በዚያች ምድር የተቀበሩ ነበሩ፤ ከንቲባው «ከተማችን» ሲሉ ግን እነርሱን አልቆጠሯቸውም።

በዚያ ከነበሩት አንዷ ወይዘሮ ኤቴል ሎረንስ ይባላሉ። የብዙ ልጆች እናት ናቸው። ልጆቻቸው ሲያድጉ በተወለዱበት ቀዬ የሚከራዩት ቤት እንደማያገኙ አይተው፥ ከሌሎች ጋር ሆነው በ1971 ከተማዋን ከሰሱ። በስልክ እየተሰደቡ፥ እየተዛተባቸው ጸንተው ቆሙ። በ1975 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ዳኛ ፍሬዴሪክ ሆል በጻፉት ፍርድ፥ እያደገች ያለች ከተማ ሁሉ ለድኻውና ለመካከለኛው ሰው ጭምር የሚሆን ቤት ሊሠራ የሚችልበትን ዕድል በደንቧ መክፈት አለባት፤ ግብር እንዳይበዛብኝ ብላ ሰውን መከልከል አትችልም ብሎ ወሰነ።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስልሃል? ማውንት ሎረል ደንቤን አሻሻልኩ ብላ ለድኻ ቤት የመደበችው 20 ኤከር ነው። ከ140 ጋሻ ውስጥ አንዲት ጋሻ እንኳ አልሞላም፤ የጋሻ አንድ አምስተኛ ነው። እንደ ገና ክርክር ተነሣ። በ1983 በዳኛ ሮበርት ዊለንትዝ የተጻፈው ሁለተኛው ፍርድ፥ ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ድኾችን የማስወጣት ደንብ በጥናትና በባለሙያ ቃል ተለብጦ መቆሙን በመግለጽ ከተማዋን አጥብቆ ወቀሰ። በ1985 የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በሕጉ ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረ፤ ሀብታም ከተማ ከድርሻዋ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ለድኻ ከተማ ገንዘብ ከፍላ በዚያ እንዲሠራላት ማድረግ ትችል ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ «ውሰዱልኝ» ብሎ መክፈል ነው። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2008 ነው።

ወይዘሮ ኤቴል ሎረንስ በ1994 ሞቱ። ቤቶቹን አላዩም። የከተማዋ የፕላን ቦርድ ብዙ ሰው በተሰበሰበበትና ብዙ ቁጣ በተሰማበት ክርክር መጨረሻ በ1997 ፈቃዱን ሰጠ። በ62 ኤከር ላይ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 100 ቤቶች በ2000 ሰው ገባባቸው፤ በ2004 ደግሞ 40 ተጨመሩ። ስማቸውም የኤቴል ሎረንስ ቤቶች ተባለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስብሰባ እስከዚህ 30 ዓመት ነው። በዚያ ዕለት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረ ሕፃን ቤቶቹ ሲከፈቱ የራሱን ልጅ ያዝል ነበር።

አሁን ተቃዋሚዎቹ ምን ፈርተው እንደ ነበር እንመልከት። የፈሩት ሦስት ነገር ነው፦ ሌብነት ይበዛል፥ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፥ ግብራችን ይጨምራል። እነዚህን ፍርሃቶች እንደ ተራ ወሬ አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ ይልቁንም ሁለተኛውን። ብዙ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያጠራቅመው ሀብት ቢኖር ቤቱ ብቻ ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ጡረታው ትንሽ ነው፤ ቤቱ ግን የልጁ ማስተማሪያ፥ የእርጅናው መጦሪያ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከቤቱ አጠገብ አንድ ነገር ሊሠራ ነው ሲባል ቢደነግጥ ራስ ወዳድ ነህ ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ የሚያሳምነው ግን ስድብ አይደለም፥ ማስረጃ ነው።

ማስረጃውም ተገኝቷል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቻቸው ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ፥ ማውንት ሎረልንም ከሚመስሏት ጎረቤት ከተሞች ጋር እያስተያዩ መርምረው በ2013 መጽሐፍ አወጡ። ወንጀሉ በቤቶቹ ምክንያት አልጨመረም። በአጠገቡ ያሉት ቤቶች ዋጋ በቤቶቹ ምክንያት አልወረደም። ግብሩም እንዲሁ። በአጥር ለአጥር ከሚኖሩት ጎረቤቶች ውስጥ ሲሶ ያህሉ እንዲህ ያለ የድኾች መኖሪያ በአጠገባቸው መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። 30 ዓመት የተጣሉበት ነገር ሲመጣ አላወቁትም ማለት ነው! በቤቶቹ ውስጥ የገቡት ልጆች ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ከጠብና ከጥይት ርቀው፥ በተሻለ ትምህርት ቤት፥ ለጥናት ብዙ ሰዓት አግኝተው ይማራሉ። ትምህርቱ ቢከብድም ውጤታቸው እንዳልቀነሰ ተጽፏል። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ደጋግሜ ብነግር አልሰለችም።

ተቃራኒውን ወገን ወክሎ የሚከራከር ብልህ ሰው ቢኖር ግን እንዲህ ይለኛል፦ «አንድ ከተማ አንሥተህ ዓለምን ሁሉ አትፍረድ። የኤቴል ሎረንስ ቤቶች ባለ ሁለት ፎቅ፥ በሰፊ መስክ ላይ የተበተኑ፥ የጎረቤቶቻቸውን ቤት የሚመስሉ፥ ተከራዩም ተመርጦ የገባባቸው፥ በጥሩ አስተዳዳሪ የሚጠበቁ ናቸው። በሴይንት ሉዊስ ፕሩዊት አይጎ ብለው የሠሯቸውን 33 ባለ 11 ፎቅ ሕንጻዎች አላነበብህም ወይ? በ1950ዎቹ ተሠርተው ከ1972 ጀምሮ በፈንጂ የፈረሱትን?» አንብቤአለሁ፤ ክርክሩም እውነት አለበት። ድኻን ሁሉ በአንድ ቦታ አከማችቶ፥ አሳንሰሩን ሳይጠግኑ፥ መስኮቱን ሳይተኩ፥ ከከተማው ሕይወት ለይቶ መተው ቤት መስጠት አይባልም። ይሁን እንጂ ያ ሕንጻ የፈረሰው ሰው ስለ በዛበት አይደለም፤ እንዲያውም በኋለኛው ዘመኑ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። እንግዲህ የሚጠየቀው ስንት ቤት ይሠራ የሚለው ብቻ ሳይሆን እንዴት ይሠራ፥ ማን ይጠብቀው የሚለው ጭምር ነው። ነዋሪው በዚህ ላይ ቢከራከር ከጎኑ እቆማለሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። አዲስ አበባ ከጥንት ጀምሮ ሀብታምና ድኻ በአንድ ሰፈር፥ አንዳንዴም በአንድ አጥር የሚኖሩባት ከተማ ሆና ቆይታለች። የባለ ፎቁ ቤት ጀርባ የጭቃ ቤት ነበረ፤ ሁለቱም በአንድ እድር ይሰበሰቡ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውም ተረት በባዶ አልተነገረም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መንግሥት የኮንዶሚኒየም ቤቶችን በብዛት ሲሠራ፥ ባለ ዕጣዎቹ ከየሰፈሩ ተለቃቅመው በአንድ ደረጃ ላይ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ሆኑ። ለእንጀራ መጋገሪያና ለበዓል በግ ማረጃ እንዲሆን «ኮሚናል» የሚባለው የጋራ ቤት ከሕንጻዎቹ አጠገብ ተሠራ። በፎቅ ላይ ቡና ጠጡ ተባብሎ መጠራራት፥ ለልቅሶ በሕንጻው ሥር ድንኳን መትከል እንደሚቻል ሕዝቡ አሳይቷል። ተጠጋግቶ መኖር ጉርብትናን ይገድላል የሚል ሰው ካለ ሄዶ ይይ።

በዚያው ልክ የእኛን ጉድለት መሸፈን አይገባም። በከተማው ዳር ከተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዳንዶቹ ሰው ከገባ በኋላ ውሃው፥ አውቶቡሱ፥ ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ ደርሷል። ከሁሉ የሚከብደው ግን መሬታቸው ለቤት ሥራ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ነገር ነው። አያት ቅድመ አያታቸው ሲያርሱት የኖሩትን መሬት በትንሽ ካሳ የለቀቀ ገበሬ፥ የሚሠራውን ሕንጻ ቢቃወም ከማውንት ሎረል ባለ መኪኖች ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ያኛው ያለውን ሳያጣ ሌላው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ይህኛው ሌላው ሲገባ እርሱ ከኑሮው ወጥቷል። እኔ ስለ ነዋሪዎች ተቃውሞ ስጽፍ ሁሉንም በአንድ ስም የምጠራ እንዳይመስል ይህን ለይቼ መናገር ይገባኛል። ተቃዋሚውን ከመዳኘት በፊት የሚያጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ሊመረመር ይገባል።

ደግሞ በቅርብ ዓመታት በእኛም ከተማ በአጥር የታጠሩ፥ በር ላይ ዘበኛ የቆመባቸው የሪል እስቴት ግቢዎች በዝተዋል። በሩ ላይ «ወዴት ነህ? ማን ዘንድ ነህ?» ይባላል። ለጥበቃ ነው ይሉናል፤ ይሁን። ነገር ግን በዚያ ግቢ ያደገ ልጅ የጉሊት ነጋዴዋን ልጅ ወይም የሊስትሮውን ልጅ የት ያገኘዋል? በትምህርት ቤት እንዳንል ትምህርት ቤቱም እንደ ኪሱ የተለያየ ነው። አሜሪካኖች በሕግ መጽሐፍ የሠሩትን አጥር እኛ በግንብ ልንሠራው የምንቸኩል ይመስለኛል። መምህራኖቻችን በዚህ ላይ አንድ ክርክር በደባቴ ክበብ ቢያዘጋጁልን መልካም ነው።

ስለ ስብሰባ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሕንጻ ይሠራ አይሠራ ተብሎ ሰፈር ሲሰበሰብ በአዳራሹ የሚገኙት ቀድመው የገቡት ናቸው። ቤቱ ቢሠራ የሚገቡት ሰዎች ግን ገና በሌላ ሰፈር፥ በጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ የስብሰባው ማስታወቂያ በእነርሱ በር ላይ አይለጠፍም፤ ስማቸውም አይታወቅም። ስለዚህ እጅ ሲቆጠር ሁልጊዜ አንድ ወገን ብቻ ይቆጠራል። የስፕሪንግቪል ሰዎች ዕድለኞች ነበሩ ለማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም በዚያው የሚኖሩ ስለ ነበሩ በአዳራሹ ቆመው መናገር ችለዋል። ዳኛው ሆል ያዩትም ይህንኑ ነው፤ ከተማዋ ለራሷ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ላለው ሕዝብ ጭምር ማሰብ አለባት ያሉት በአዳራሹ ያልተገኘውን ሰው ቆጥረው ነው። በኒው ጀርሲ በ2024 የወጣው ሕግም እያንዳንዱ ከተማ የሚደርሰው የቤት ድርሻ በስሌት ተለይቶ እንዲታወቅ አድርጓል። ሕጉን በመቃወም የከሰሱ ከተሞች መኖራቸው አያስገርምም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ የሚመስለው ካለ፥ ዘመዶቹ የሚኖሩት የት እንደ ሆነ ያስብ። ከአገራችን ወጥተው በዋሺንግተን ዙሪያ፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሰፈሩት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ኑሮ የጀመሩት በአፓርትማ ውስጥ፥ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ቤት ተከራይተው ነው። በዚያው በቨርጂኒያ በአርሊንግተን የካውንቲው ቦርድ በመጋቢት 2023፥ ቀድሞ አንድ ቤት ብቻ ይሠራበት በነበረ ቦታ ላይ እስከ 6 ቤተሰብ የሚይዝ ሕንጻ እንዲሠራ ሲፈቅድ፥ ነዋሪዎች በሁለት ተከፍለው ለወራት ተከራከሩ፤ ተቃዋሚዎቹ ከሰሱና በ2024 አንድ ዳኛ ውሳኔውን ሻሩት፤ ነገሩም ወደ ይግባኝ ሄደ። ከወገኖቻችን መካከል ዛሬም በኪራይ ያሉ አሉ፤ ሠርተው፥ ታክሲ ነድተው፥ ምግብ ቤት ከፍተው፥ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዙም አሉ። ወላጆቻችን በበዓል ቀን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሲደውሉላቸው ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቁልኝ እወዳለሁ፦ በሰፈራቸው እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ከየትኛው ወገን ይቀመጣሉ?